የሚያፈስሰውን ጣሪያ ማን ይጠግን?

የቀበሌ ቤት፣ የጋራ መገልገያና የጥገና ውሳኔ በአራዳና በፒያሳ

ሰኔ ሲጋመስ በአራዳ ጓሮዎች ሁለት ዓይነት የውኃ ድምፅ ይሰማል። አንደኛው ከውጭ በቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ነው። ሁለተኛው ከውስጥ በሳፋና በባልዲ ላይ ጠብ ጠብ የሚለው ነው። እናቶች አልጋውን ከአንዱ ማዕዘን ወደ ሌላው ይስባሉ፤ ልጆች ደብተራቸውን በላስቲክ ይጠቀልላሉ። በሠራተኛ ሰፈር፣ በደጃች ውቤ ሰፈር፣ በገዳም ሰፈርና በእሪ በከንቱ ይህ ለብዙ ዓመታት የታወቀ ኑሮ ሆኖ ቆይቷል። ሳይፈርሱ በቀሩት ግቢዎች ዛሬም አለ።

አንድ ምእመን ይህን ሲያይ መጀመሪያ የሚመጣበት አሳብ ቀና ነው። «ገንዘብ አዋጥተን ቆርቆሮ እንግዛላቸው» ይላል። አሳቡ መልካም ቢሆንም ከቆርቆሮው በፊት የሚመጡ ጥያቄዎች አሉ። ቤቱ የማን ነው? ለማደስ የሚፈቅደው ማን ነው? ለሚመጣው ዓመት ጥገናስ ገንዘብ የሚመድበው ማን ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ሳይጠይቅ የሚሰጥ እርዳታ ብዙ ጊዜ ከአንድ ክረምት አያልፍም። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ የአራዳን ምሳሌ ይዘን የጥገና ውሳኔ እንዴት እንደሚሠራና ሳይወሰን ሲቀር ምን እንደሚያስከትል እናስረዳለን።

ቤቱ የማን ነው?

አራዳ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ የቆመበት ስፍራ ነበረ። ገበያው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። መኳንንቱ በየተሰጣቸው ቦታ ሲሰፍሩ ተከታዮቻቸውና ሠራተኞቻቸው በዙሪያቸው ጎጆ ቀለሱ። ዛሬ ጠባብና ጠመዝማዛ የምንላቸው መተላለፊያዎች ብዙዎቹ ከዚያ አሰፋፈር የመጡ ናቸው እንጂ ማንም በወረቀት ላይ የነደፋቸው አይደሉም። ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆዩባቸው ዓመታት ገበያውን ወደ መርካቶ አዛወሩት፤ ፒያሳ የሚለውንም ስም ትተው ሄዱ። ትርጉሙ በቋንቋቸው አደባባይ ማለት ነው።

ከነፃነት በኋላ በዋናው መንገድ ፊት ለፊት ሱቆች፣ ሲኒማ ቤቶችና ቡና ቤቶች በዙ። ከላይ፣ በቸርችል ጎዳና ራስ፣ ጣልያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ተሠራ። ከፊት ለፊቱ መንገድ ኋላ ግን ጓሮው በጭቃ ቤት ተሞልቶ ባለቦታው በየክፍሉ ያከራይ ነበር።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ይህ ሁሉ ተለወጠ። ደርግ ባወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ሆነ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ እንዲኖረው ተፈቀደ፤ ለመኖሪያ የሚሰጠውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በላይ የሆኑት ቤቶች ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ከዚያ በታች የሆኑት ደግሞ በዚያው አዋጅ ለተቋቋሙት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ለቀበሌዎች፣ ተላለፉ። የአራዳ ጓሮ ቤት አብዛኛው በዚህ በሁለተኛው ወገን ወደቀ።

ከዚያ ወዲህ መዋቅሩ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። የኪራይ ቤቶች ድርሻ ዛሬ በፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን እጅ ነው። አዲስ አበባ በ1995 ዓ.ም. በ10 ክፍለ ከተሞች ስትዋቀር አራዳ ከእነርሱ አንዱ ሆነ፤ በኋላም ወረዳ የቀበሌን ስፍራ ያዘ። ሕዝቡ ግን ቤቱን እስከ ዛሬ «የቀበሌ ቤት» ይለዋል። ነዋሪው ተከራይ ነው፤ ባለቤቱ መንግሥት ነው፤ የቅርብ አስተዳዳሪው ወረዳው ነው። ይህን ሦስትነት መለያየት ለማንኛውም እርዳታ የመጀመሪያው እርምጃ ነው።

ኪራዩ ያልሸፈነው

አዋጁ ያደረገው አንድ ትልቅ መልካም ነገር ነበር፤ ድሀው ይከፍለው የነበረውን ኪራይ ቀነሰለት። ቅናሹ ዝቅተኛ ኪራይ ለሚከፍሉት የበለጠ ነበር። በዚያን ጊዜ በየወሩ በኪራይ ይጨነቅ ለነበረ ቤተሰብ ይህ ትልቅ እፎይታ ሆነ። የተሰበሰበውንም ኪራይ ቀበሌው ለአካባቢው ኑሮ ማሻሻያ እንዲያውለው ታስቦ ነበር።

ችግሩ የመጣው ከቅናሹ በኋላ ነው። የእንጨት፣ የሚስማርና የቆርቆሮ ዋጋ በየዓመቱ ሲወጣ ኪራዩ ለዐሥርት ዓመታት ባለበት ቆመ። ወደ ፊት በወር ከ10 ብር በታች የሚከፈልባቸው ቤቶች ብዙ ሆኑ። ሂሳቡን ማንም ሰው በጣቱ ሊቆጥረው ይችላል። በወር 8 ብር የሚከፈልበትን ቤት ብንወስድ የዓመቱ ገቢ 96 ብር ነው። እንዲህ ያሉ 100 ቤቶች ያሉት ቀበሌ ሁሉም ሳያጓድሉ ቢከፍሉት እንኳ በዓመት 9,600 ብር ያገኛል። ከዚህ ላይ የዘበኛና የጽሕፈት ቤት ወጪ ይነሣል። በቀረው ገንዘብ ስንት ጣሪያ ይከደናል?

ስለዚህ ባለቤቱ እንዳያድስ ገንዘቡ አልነበረውም። ተከራዩም እንዳያድስ ቤቱ የእርሱ አልነበረም። ብዙ ቤተሰብ ግን እንዲሁ ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ከዕቁቡና ከደመወዙ ቆጥቦ ቆርቆሮ ቀየረ፣ ግድግዳ መረገ፣ ወለሉን ሲሚንቶ አደረገ። ሆኖም ያወጣው ገንዘብ የባለቤትነት መብት አላስገኘለትም። ነገ ሊነሣ እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ደግሞ ለዘለቄታው አይሠራም፤ ለዘንድሮ ክረምት ያህል ብቻ ይለጥፋል። «የጋራ በሬ ውጪ ያድራል» እንዲሉ ሁለት ባለቤት ያለው ቤት አንድም ጠጋኝ ሳያገኝ ኖረ።

የጭቃ ቤት ጠባይ

ጭቃ ቤት በባሕርዩ ደካማ ነው ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው። ምሰሶውና ማገሩ ባሕር ዛፍ ነው፤ ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ሲቆይ አጥብቆ ይይዛል፤ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። በሚገባ የተጠበቀ ጭቃ ቤት ልጅንና የልጅ ልጅን ያሳድጋል። ጠላቱ ውኃ ነው፤ ውኃውም በሦስት በኩል ይገባል።

ከላይ የሚመጣው በዛገ ቆርቆሮና በላላ ሚስማር ቀዳዳ በኩል ነው። ከጎን የሚመጣው አሸንዳ በማጣት ነው፤ ከክዳኑ የሚወርደው ውኃ መሬቱን መትቶ ሲነጥር የግድግዳውን ግርጌ ይበላዋል። ከሥር የሚመጣው የግቢው ቦይ ሲደፈን ነው፤ ውኃው በመሠረቱ ዙሪያ ይተኛና የምሰሶውን እግር ያበሰብሳል።

በመጀመሪያው ዓመት ጥገናው ጥቂት ሚስማርና አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ ብቻ ይሻል። ያ ሳይደረግ ከቀረ ውኃው ወራጁን ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ አናጢ ያስፈልጋል። ወራጁም ከተተወ ምሰሶው ይበሰብሳል፤ ግድግዳው ያዘነብላል። ከዚያ በኋላ ሥራው ጥገና መሆኑ ቀርቶ እንደ አዲስ መሥራት ይሆናል። በአራዳ ጓሮዎች ግድግዳ በግንድ ተደግፎ የሚታየው ብዙ ጊዜ ከዓመታት በፊት በጥቂት ሚስማር ሊድን ይችል የነበረ ቤት ነው። ጥገና በዘገየ ቁጥር ወጪው እንደሚያድግ የፕሮጀክት ሠራተኛ ሁሉ በልቡ ሊይዘው ይገባል።

የጋራው ነገር

ቤት ብቻውን አይኖርም። በእነዚህ ሰፈሮች ብዙ ቤተሰብ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ ማድ ቤት፣ አንድ የግቢ ቧንቧ ወይም አንድ ቦኖ በጋራ ይጠቀማል። እዚህ ላይ የጥገናው ጥያቄ ከጣሪያውም ይከብዳል፤ ጣሪያ ሲያፈስ የሚጎዳው አንድ ቤተሰብ ሲሆን ሽንት ቤት ሲሞላ የሚታመመው ግቢው ሁሉ ነውና።

የጉድጓድ ሽንት ቤት ሲሞላ በመምጠጫ መኪና መመጠጥ አለበት። በጠባቡ መተላለፊያ ግን መኪናው አይገባም፤ ቱቦውም ሁልጊዜ አይደርስም። በሚገባበትም ስፍራ ክፍያውን በሁሉም ቤት ላይ ማከፋፈልና መሰብሰብ ያስፈልጋል። አንዱ «እኔ አዲስ ገቢ ነኝ» ሲል፣ ሌላው «ያለፈውን ከፍያለሁ» ሲል፣ ጉድጓዱ ሞልቶ ወደ ቦዩ ይፈስሳል። ቦዩ ደግሞ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ከላይ ያለው ሰፈር ያላጸዳው ከታች ባለው ሰፈር ደጃፍ ይገኛል።

መልካም ምሳሌም አለ። የሰፈር ዕድሮች ከቀብር ሥራቸው ባሻገር ቦይ ሲያስጠርጉና መብራት ሲያስተክሉ ኖረዋል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች የተስፋፋው የኮብልስቶን ንጣፍም ነዋሪው ገንዘብ እያዋጣ በብዙ ሰፈር ተሠርቷል፤ ጭቃ የነበረው መተላለፊያ ለአረጋውያንና ለነፍሰ ጡሮች መሄጃ ሆኗል። ይሁን እንጂ ኮብልስቶንም ጥገና ይፈልጋል። ቧንቧ ለመዘርጋት የተነሣው ድንጋይ በቦታው ተመልሶ ካልተነጠፈ በመጀመሪያው ዶፍ ዙሪያው ይናዳል። ድንጋዩን ያነሣው መሥሪያ ቤት አንድ፣ መንገዱን ያሠራው ሌላ፣ ገንዘቡን ያዋጣው ደግሞ ነዋሪው ነው። ማን ይመልሰው የሚለው ካልተወሰነ ማንም አይመልሰውም።

ውሳኔው እንዴት ይሰጣል?

ለምሳሌ ያህል አንዲት መበለት እናት በቀበሌ ቤት ይኖራሉ እንበል። ጣሪያቸው ያፈስሳል። የጉባኤው ዲያቆናት ሊረዷቸው ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው ደጃፍ በወረዳው የቤቶች ጉዳይ የሚመራበት ጽሕፈት ቤት ነው። እናታችን የኪራይ ውላቸውንና የከፈሉበትን ደረሰኝ ይዘው ያመለክታሉ። ባለሙያ ቤቱን አይቶ ምን እንደሚታደስ ይጽፋል። ፈቃዱ ባለበት ሁኔታ ለማደስ እንጂ ቤቱን ለማስፋት ወይም ፎቅ ለመጨመር አይደለም። ያለ ፈቃድ የተሠራ ሥራ ሊፈርስ ይችላል፤ ተከራይዋንም ከአስተዳደሩ ጋር ሊያጣላ ይችላል። በእርዳታችን ምክንያት ባልቴቲቱን ለክስ ማጋለጥ ደግሞ እርዳታ ሊባል አይችልም።

ሁለተኛው ነገር ስፍራው በመልሶ ማልማት ዕቅድ ውስጥ መግባት አለመግባቱ ነው። ዕቅድ ውስጥ የገባ ሰፈር የጥገና ፈቃድ ለማግኘት ያስቸግራል፤ «ለሚፈርስ ቤት ለምን ገንዘብ ይባክናል?» ይባላልና። ዕቅዱ ወዲያው ከተፈጸመ አነጋገሩ ትክክል ነው። ዕቅዱ ለብዙ ዓመታት ከተጓተተ ግን ነዋሪው ሳይታደስለትም ሳይነሣም በመካከል ይቀራል። አለመወሰን በራሱ ውሳኔ ነው፤ ዋጋውንም የሚከፍለው በቤቱ ውስጥ የሚተኛው ሰው ነው።

ሦስተኛው ነገር የጊዜ አቆጣጠር ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። በዚያ ቀን ዝናቡ ገብቷል፤ ጣሪያውም ማፍሰስ ጀምሯል። አዲሱ በጀት ጸድቆ፣ ግዢው ተፈጽሞ፣ ሠራተኛ እስኪቀጠር ክረምቱ ያልፋል። መስከረም ሲጠባና ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ጣሪያው ይረሳል። ስለዚህ ለሚመጣው ክረምት የሚሆን ጥገና ባለፈው ዓመት በጀት ውስጥ ሊያዝና በበጋው ወራት ሊሠራ ይገባዋል። የሰፈሩ ሰዎች ለወረዳው ምክር ቤት አባላትና ለጽሕፈት ቤቱ ማመልከት ያለባቸው ዕቅድ በሚዘጋጅበት ጊዜ በበጋ ነው። በሐምሌ የሚቀርብ አቤቱታ እውነተኛ ቢሆንም የዘገየ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የሆነው

የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ተመረቀ። ብዙም ሳይቆይ በዚያው ዓመት የኮሪደር ልማት በተባለው ሥራ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙ የፒያሳ ጓሮዎች ፈረሱ። መንገዱ ሰፋ፤ የእግረኛና የብስክሌት መሄጃ ተሠራ፤ መብራት ተተከለ። ነዋሪዎቹም በአብዛኛው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛወሩ።

ስለዚህ ሥራ የሰዎች አስተያየት የተለያየ ነው። ቤቶቹ ለሰው መኖሪያ የማይበቁ ነበሩ የሚሉ አሉ፤ ስለ ብዙዎቹ ቤቶች ይህ እውነት ነው። ከእነርሱም ውስጥ የተሻለ ቤትና የራሱን ሽንት ቤት ያገኘ ቤተሰብ አለ። ሌሎች ደግሞ በአጭር ጊዜ ውስጥ ዕድራቸው እንደ ተበተነ፣ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡበት ደንበኛ እንደ ራቀ፣ ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት እንደ ተለዩ ይናገራሉ፤ ይህም እውነት ነው። ስድሳ ዓመት ጎረቤት የነበሩ ሁለት አረጋውያን በከተማው ሁለት ጫፍ ሲወድቁ ያ ኪሳራ በካሬ ሜትር አይለካም።

ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ግን ከፍርስራሹ በፊት ያለው ታሪክ ነው። ቤቶቹ ለመፍረስ የበቁት በአንድ ቀን አይደለም። ባለቤቱ ሳይወስን፣ ኪራዩ ሳይበቃ፣ ተከራዩ ሳይተማመን ባለፉት ክረምቶች ጥቂት በጥቂት ወደቁ። አሁን ለተሠራውም አዲስ መንገድና መብራት ያው ጥያቄ ይቀራል፤ አምፖሉን ማን ይቀይራል? ቦዩን ማን ይጠርጋል? ምርቃት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ጥገና ግን የየዓመቱ ነው።

ከገጠር የተገኘ ትምህርት

በገጠር የምትሠሩ የፕሮጀክት ሠራተኞች ይህ የከተማ ነገር ብቻ ነው እንዳትሉ፣ ከምንጭ ማጎልበትና ከእጅ ፓምፕ ጋር ያለውን ዝምድና ልብ በሉ። የተበላሸ ፓምፕ በመንደሩ መካከል ቆሞ ሴቶች ወደ ወንዝ ሲወርዱ ያላየ የለም። ፓምፑን የተከለው ድርጅት ሄዷል፤ መለዋወጫውን ማን እንደሚገዛ አልተወሰነም።

በአማራ ክልል በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ ከ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ሲካሄድ የቆየው የገጠር ውኃ ፕሮግራም በኋላ ላይ አሠራሩን ለወጠ። ለውኃ ነጥቡ የተመደበው ገንዘብ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ማኅበረሰቡ ለመረጠው የውኃ ኮሚቴ እንዲደርስ ተደረገ። ኮሚቴው ራሱ ዕቃ ይገዛል፤ ሠራተኛ ይቀጥራል። ከግንባታው በፊትም ማኅበረሰቡ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ እንዲቆጥብ ይጠየቃል። የቅደም ተከተሉን ልዩነት ልብ እንበል። በዚህ አሠራር የጥገናው ገንዘብ የሚመጣው ከምርቃቱ በኋላ ሳይሆን ከመሠረቱ በፊት ነው።

በአዲስ አበባም ውስጥ ሬድ ባርና የተባለው የኖርዌይ ድርጅት በ1970ዎቹ ዓ.ም. በከፍተኛ 3 ቀበሌ 41 ቤት፣ ሽንት ቤት፣ መተላለፊያና ቦይ በአንድነት ለማሻሻል ከቀበሌውና ከነዋሪው ጋር ሠርቷል። ጣሪያውን ከቦዩ፣ ቦዩን ከሽንት ቤቱ፣ ሁሉንም ከነዋሪው ጋር አያይዞ ማሰብ እንደሚቻል ያሳየ ሥራ ነው።

ከመስጠታችን በፊት የምንጠይቃቸው

ጉባኤም ሆነ የፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ለቤት፣ ለሽንት ቤት፣ ለቦኖ ወይም ለመንገድ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ይጠይቅ።

1. ባለቤቱ ማን ነው? ይህስ በጽሑፍ አለ?

2. ለሥራው ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው? ስፍራው በመልሶ ማልማት ዕቅድ ውስጥ ገብቷል ወይስ አልገባም?

3. በሚመጣው ዓመት ሲበላሽ የሚጠግነው ማን ነው? ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?

4. የመዋጮውን ገንዘብ የሚሰበስበው፣ የሚይዘውና ለተጠቃሚው ሂሳብ የሚያሳየው ማን ነው? መክፈል ለማይችለው ሰውስ ምን ታስቧል?

5. ነዋሪዎቹ፣ በተለይም ውኃ የሚቀዱትና ግቢ የሚጠርጉት ሴቶች፣ ስለዚህ ነገር ተጠይቀዋል?

ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ ካልተገኘ ገንዘቡን ለጊዜው ማቆየት ይሻላል። ምናልባት በዚያው ገንዘብ አንድ ወጣት አናጢ ማሠልጠን፣ መሰላልና መዶሻ ለዕድሩ መግዛት፣ በየግንቦቱ የሰፈሩን ጣሪያ የሚያይ ኮሚቴ ማቋቋም ይቻል ይሆናል። አንድ አዲስ ቤት በሚሠራበት ገንዘብ ብዙ ጣሪያ ሳይወድቅ ሊድን ይችላል፤ ምንም እንኳ የታደሰ ጣሪያ ፎቶግራፍ እንደ አዲስ ቤት ፎቶግራፍ ባያምርም።

በነህምያ መጽሐፍ ምዕራፍ 3 ላይ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ያደሱ ሰዎች በየስማቸው ተዘርዝረዋል። ብዙ ጊዜ ቸኩለን የምናልፈው ምዕራፍ ነው። ከእነርሱ መካከል አንዳንዶቹ በየቤታቸው አንጻር ያለውን ክፍል እንደ ጠገኑ እናነባለን። የሥራው ድርሻ ታውቆ ስለ ተከፈለ ቅጥሩ ቆመ። በየሰፈራችንም የጎደለው ብዙ ጊዜ ቸርነት አይደለም፤ የጎደለው የትኛው ክፍል የማን እንደ ሆነ ማወቅ ነው።

እንግዲህ ወገኖች፣ ዝናቡ ሳይመጣ በግንቦት ውስጥ አንድ ቅዳሜ መርጣችሁ በጉባኤያችሁ ዙሪያ ያለውን ሰፈር ዞራችሁ እዩ። የላላውን ቆርቆሮ፣ የተደፈነውን ቦይ፣ የሞላውን ጉድጓድ በወረቀት ላይ ጻፉ። ከእያንዳንዱም አጠገብ የሚመለከተውን ሰው ወይም መሥሪያ ቤት ስም ጻፉ። ስም ያልተጻፈለት ካገኛችሁ ሥራችሁን ከዚያ ጀምሩ።